የሰይድን መኪና ፉል ያደረጉ ደጎች

ባለፈው ሳምንት ኮንኮርድ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። መኪናዋ ላይ ቢጫው የሞተር መብራት በርቷል። «ምንድነው ይሄ?» ብላት፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል «ኢትስ ጀስት ዘ ጋዝ ካፕ፣ አባ» አለችኝ። የቤንዚኑ ክዳን ብቻ ነው ማለቷ ነው። ጀስት! ደሜ ፈላ። ያ መብራት ሰውን ከሥራው ሊያፈናቅል እንደሚችል እኔ አውቃለሁ።

ጉልበቴ ሳይከዳኝ በፊት፣ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ መኪና የተበላሸበት ሐበሻ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነበር። ጋራዥ አልነበረኝም፤ መካኒክነትንም ማንም አላስተማረኝም። ያገለገሉ የጥገና መጻሕፍት ገዝቼ፣ መዝገበ ቃላት ጎኔ አስቀምጬ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። በዚያን ጊዜ የመኪና ብልሽት ኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ይዞ የሚዞር ሌላ ሐበሻ ከነበረ ይምጣና ይንገረኝ።

አንድ በጋ ሰይድ ከሳን ሆዜ ደወለልኝ። ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ባለ ሰባት መቀመጫ በሆነው ትልቅ መኪናው ኤርፖርት መንገደኛ እያመላለሰ ልጆቹን ያሳድግ ነበር።

«ታዬ፣ አልቆልኛል» አለኝ። «ስሞግ ጣለኝ። ሬጂስትሬሽኑ በዚህ ወር ኤክስፓየር ያደርጋል። ከሥራ መውጣቴ ነው።»

ስሞግ የሚሉት የጭስ ምርመራውን ነው። ቢጫው መብራት እስከበራ ድረስ መኪናው አያልፍም፤ ካላለፈ ደግሞ ሬጂስትሬሽኑ፣ ማለትም የመንገድ ፈቃዱ፣ አይታደስም።

ሀይዌይ 880ን ይዤ ወረድኩ። ከኦክላንድ ጭጋግ ውስጥ ጃኬት ለብሼ ወጥቼ፣ ሳን ሆዜ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። የሰይድ ግቢ ውስጥ ያለው የአፕሪኮት ዛፍ ፍሬውን አራግፎ ንብ ወሮታል። ሚስቱ ዘሃራ ቃሪያ የበዛበት ትኩስ ሳምቡሳ አቀረበችልኝ፤ እሱን እየበላሁ ኮዱን አነበብኩ። ችግሩ የቤንዚን ትነት የሚያልፍበት ክፍል ላይ ነው። ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ የታንከሩን ክዳን ቀይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ ሸኝቶታል። መብራቱ ሲመለስበት ደግሞ ቫልቭ ቀይሮለታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ኮድ የት እንደምትፈልግ ይነግርሃል እንጂ ምን እንደምትቀይር አይነግርህም።

መኪናው ሥር ገብቼ ትነቱን የሚይዘውን፣ ውስጡ ከሰል የተሞላ ጥቁር ሳጥን ፈታሁ። ቀላል መሆን ሲገባው እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ሳዘነብለው ቤንዚን ጠብ ጠብ አለ። እዚያ መግባት ያለበት ትነት ብቻ ነው፤ ቤንዚኑ ራሱ የሚደርሰው ታንከሩ ከልክ በላይ ሲሞላ ነው።

«ማደያ ላይ ፓምፑ ቀጭ ብሎ ከቆመ በኋላ ትጨምራለህ?» አልኩት።

«እኔ? እኔ ከግማሽ በላይ ሞልቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ማነው የሚሞላው?»

አንገቱን አከከ። «የሚዋሱት ናቸዋ።»

ለካስ ከጓደኞቹ መሃል ትልቅ መኪና ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰርግ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ቤት ሲቀየር ሁሉም የሚዋሰው የሱን ነው። ሰይድ ደግሞ ኪራይ አይቀበልም። ስለዚህ የተዋሰው ሰው ባዶ እጁን መመለስ ያፍርና፣ ፓምፑ ቢቆምም እጀታውን እየጨመቀ፣ ቤንዚኑ አፉ ላይ እስኪታይ ሞልቶ ያመጣል። ምስጋናው ነው። ያን ሁሉ ምስጋና ከሰሉ ጠጥቶ ሞተ!

አዲስ ሳጥን ገጠምኩለትና አስጠነቀቅኩት። ስሞግ ከመግባቱ በፊት የመኪናው ኮምፒውተር መኪናውን ፈትሾ መጨረስ አለበት፤ ታንከሩ ጢም ካለ ደግሞ ፍተሻውን አይጀምርም። «ግማሽ ላይ ይቆይ፤ ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት። «ወላሂ አልሰጥም» አለኝ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ተመልሼ ብሄድ መኪናው የለም። አብዱ የሚባል ወጣት ጎረቤቱ እናቱን ከኤርፖርት ሊቀበልበት ወስዶታል። ብዙም ሳንቆይ አብዱ ፈገግ እያለ ገባ።

«ጋሽ ታዬ፣ እርስዎም አሉ! ሰይዴ፣ ፉል አድርጌልሃለሁ። ቀጭ ካለ በኋላ ራሱ ጨማምቄበታለሁ!»

«ምነው መርዝ ባጠጣኸው!» ብዬ ጮህኩ። «የሰውዬውን ሥራ እኮ ነው የገደልክበት!»

ሰይድ ክንዴን ያዘኝ። «ኧረ ተው ታዬ፣ ደግ ሠራሁ ብሎ ነው።»

«ታዲያ አንተ ለምን አልነገርከውም?»

«እንዴት ብዬ ነው ቤንዚን አትሙላልኝ የምለው? ሌላ ቀን ሲቸግረው አፍሮ ሳይጠይቀኝ ይቀራል።»

ቁልፉን ከአብዱ እጅ ነጠቅኩ። ሳጥኑን እንደገና ፈትቼ አየሁት፤ ደግነቱ ቤንዚን አልደረሰበትም። ከዚያ በኩፐርቲኖ በኩል ወደ ተራራው ወጣሁ፤ ታንከሩ ግማሽ እስኪደርስ ድረስ ቤንዚን ለማቃጠል ብቻ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ዋልኩ። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ፣ መኪናው ፍተሻውን ጨረሰ። የወሩ መጨረሻ ላይ ስሞግ አለፈ፤ ሰይድም ከሥራው ሳይወጣ ወደ ኤርፖርቱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ሰው ያመሰግነኛል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ሰይድ ከዚያ በኋላ መኪናውን ባዋሰ ቁጥር «ፉል እንዳታደርጉ፤ እኔ አይደለሁም፣ ታዬ ነው የከለከለው፤ ኃይለኛ ሰው ነው» ይል ጀመር። ሁሉም ሰማ፤ መሙላቱም ቀረ።

መኪናው ከተሸጠ ቆየ። እኔ ግን ዛሬም ሳን ሆዜ ሰርግ በተጠራሁ ቁጥር አንዱ ለሚስቱ «ነዳጅ አትሙሉ የሚለው ሰውዬ ያውልሽ» ሲል እሰማለሁ። መኪናውን ያዳነው ታዬ ነው ያለ አንድም ሰው አልገጠመኝም። ሰይድን ስቆጣው ይስቃል። «እኔ ሰው ማስቀየም አልችልበትም፤ አንተ ደግሞ ትችልበታለህ» ይለኛል። ደግ መባሉን እሱ ወሰደ፣ ክፉ መባሉን ለእኔ ተወልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከብደው ነበር።