ጋሼ ፍሬንና ሠላሳው እንቁላል

ከምግብ ጠረጴዛችን ሥር ያለው ምንጣፍ አንድ ቦታ ላይ ተበልቷል። ስፋቱ የአንድ ወንድ ጫማ ያህል ነው፣ ያውም የቀኝ። እንግዳ ሲመጣ ወንበር እስብበታለሁ። ቢጠይቁኝስ ምን እላለሁ? ባሌ እራት እየበላ ፍሬን ይይዛል ልበል?

ይይዛል እኮ። ልጃችን ሾርባ ሞልታ ከኩሽና ስትመጣ ይረግጣል። የጎረቤት ልጆች ኳስ ወደ መስኮታችን ስትመጣ ይረግጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው ሞቅ ብሎት ንግግሩን ሲያፈጥን፣ የኔ ጌታ ከፊቱ ያለውን አግዳሚ ወንበር በቀኝ እግሩ ይገፋዋል። እዚያ የሚቀመጡት ባልቴት ሁለት ጊዜ ዞረው ገላምጠውኛል። የሚገላምጡት እኔን ነው፤ እሱማ ዓይኑን ጨፍኖ አሜን እያለ ነው።

እንዲህ ያደረገው ሥራው ነው። መኪና መንዳት ያስተምራል፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ። በማስተማሪያው መኪና ውስጥ ተማሪው መሪ ይይዛል፣ አስተማሪው ከጎኑ ይቀመጣል፤ ከአስተማሪው እግር ሥር ደግሞ ለክፉ ቀን የተባለ ሁለተኛ ፍሬን አለ። ለባሌ ክፉ ቀን ያልሆነ ቀን የለም። ተማሪዎቹ "ጋሼ ፍሬን" ይሉታል። እሱ ያከበሩት ይመስለዋል።

ጠዋት መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ተማሪውን ዝም አሰኝቶ ይጸልያል። ጸሎቱ አጭር ነው። "ጌታ ሆይ፣ ዛሬም በእጅህ ነን፤ ፈቃድህ ይሁን፣ አሜን" ይላል። አሜን ከማለቱ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነው፣ ሥራ እስኪያበቃም አይነሳም። ጫማ ጠጋኙ አንድ ቀን ያለቀውን የቀኝ ሶል ሲቀይርለት "ጌታው፣ ግራውን አያደርጉትም እንዴ?" ብሎ ጠይቆታል።

ነገሩ በመኪና ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ልጃችን ትልቁን ፈተና የተፈተነች ዕለት "ለእግዚአብሔር ሰጥቻታለሁ፣ ከእንግዲህ አላስብም" አለኝ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ቆሞ ዋለ። ጣሪያችን ሲያፈስ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ከዚያ ወዲህ ደመና ባየ ቁጥር መሰላል ያወጣል። "ሰጥተህ መልሰህ የምትቀማ ሰው!" እለዋለሁ። "ጸሎትና ጥንቃቄ አይጣሉም" ይለኛል። እውነት ነው፣ አይጣሉም። እሱ ቤት ግን ጥንቃቄው ጸሎቱን አላስቀምጥ ብሎታል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አላውቅም ብል ግፍ ይሆንብኛል። አስተማሪ ከመሆኑ በፊት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን በጠሰ። ምን እንደሆነ ሳይገባው መኪናው መንገድ ዳር ለግንባታ የተቆለለ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ጭረት እንኳን ሳይነካው፣ በጆሮው አሸዋ ይዞ ቤት ገባ። ያኔ ልጃችንን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ተንበርክከን አብረን አለቀስን። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ? ይኸው እስከ ዛሬ ይበርያል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ድሮ ተማሪ የሚፈተነው በዚያው በማስተማሪያ መኪና፣ አስተማሪውም አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። የባሌ ተማሪዎች አንድም አይወድቁም፤ ስሙ በየሰፈሩ ተጠራ። ዘንድሮ ግን ደንቡ ተለወጠና ፈተናው በሌላ መኪና፣ ፈታኙና ተፈታኙ ብቻ ሆነው ይደረግ ተባለ። የፈታኙ መኪና ሁለተኛ ፍሬን የለውም።

በተከታታይ አሥራ አንድ ሰው ወደቀ። ስፖኪዮ ያያሉ፣ ማርሽ ይቀይራሉ፣ ወደ ኋላ ሲነዱ ልክ ናቸው። ዜብራ ላይ ሲደርሱ ግን ፍሬን አይይዙም። መኪናው በራሱ እስኪቆም ይጠብቃሉ። ምስኪኖቹ ምን ያድርጉ፣ ሲማሩ ሁልጊዜ በራሱ ነበር የሚቆመው! አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሁለት ዜብራ እንደ ነፋስ አልፈው ሦስተኛው ላይ ፈታኙ ሲጮህባቸው፣ "እንዴ፣ የሚይዙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አሉት። ፈታኙ ራሱ እጁን ሰዶ የእጅ ፍሬኑን ቢጎትተው ግንባሩ ከመስታወቱ ተጋጨ።

የማሽከርከሪያ ትምህርት ቤቱን አሁን የያዘችው የቀድሞው ባለቤት ልጅ ናት። ባሌን ጠራችው።

"ጋሼ፣ እርስዎን የቀጠሩዎት አባቴ ናቸው፤ እኔም እንደ አባቴ ነው የማይዎት" አለችው። "ግን አንድ ሰው ደግሞ ከወደቀ መኪናውን ለሌላ አስተማሪ እሰጣለሁ። እርስዎ ቢሮ ቁጭ ብለው ፎርም ያስሞላሉ።"

ቤት መጥቶ ነገረኝ። ያንን ሥራ ይወደዋል። ሰው ፈርቶ ገብቶ ነድቶ ሲወጣ ማየት ለሱ እንደ ልጅ መዳር ነው። ፎርም እያስሞላ አንድ ዓመት የሚቆይ አልመሰለኝም።

"ለመሆኑ ተረኛው ማን ነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከሁለት ወር በፊት እኔው ራሴ መንዳት ልማር ብዬ መመዝገቤ ያኔ ትዝ አለኝ። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የጨርቅ ጥቅል ታቅፌ በታክሲ መጋፋት መሮኛል። ሟች ወንድሜ የተወልን ትንሽዬ መኪና ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ባሌ በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ሄዶ ሰው ቀይሪልኝ ብሎ ለመናት። "ባለቤትዎን ካሳለፉ የማያሳልፉት ሰው የለም" አለችው። ጨዋ ልጅ ናት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ጀመርን። "ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ነን" አለ። ገና ዜብራውን ሳላየው መኪናው ቆመ።

"ማነው የያዘው?"

"እኔ አይደለሁም" አለ፣ እግሩ ፍሬኑ ላይ እንዳለ።

በሁለተኛው ቀን እግርህን አንሳ አልኩት። አነሳ፤ አንድ ሰውዬ በእግረኛ መንገድ ላይ፣ በሰላም፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ሲሄድ አይቶ መልሶ ረገጠ። በሦስተኛው ቀን ወንበሩ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ እግሩ በራሱ ወርዶ ረገጠ። በአራተኛው ቀን ስለ እግሩ ጾመ። ሲርበው ጭራሽ ባሰበት።

አምስተኛው ቀን ሱቅ ቆሜ ሳለ ሐሳቡ መጣልኝ። እግዚአብሔር ነው የሰጠኝ እላለሁ፣ ባሌ ደግሞ ሌላ ነው ይላል። ጫማውን አስወልቄ፣ ሠላሳ እንቁላል በፕላስቲክ ሳፋ ደርድሬ ሁለተኛው ፍሬን ላይ አስቀመጥኩለት።

"በል እርገጥ አሁን።"

የመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ተሰበረ። በማግስቱ አሥራ አራት። ቤታችን ጠዋት እንቁላል፣ ማታ እንቁላል ሆነ። ልጄ ድስቱን ከፍታ ታይና መልሳ ትከድነዋለች። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን በመስኮት አንገቷን አስገብታ "መኪናው ውስጥ ምን ይሸታል?" አለች። "ትምህርት ነው" አልኳት። በሳምንቱ ወደ አራት ወረደ፤ እኔም በልቤ ተመስገን ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን ዳገት ወጥተን መውረድ ጀመርን። በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ፣ ከፊቴ ሰውም መኪናም የለ። ባሌ ካልሲው እስኪበሰብስ ድረስ ሠላሳውንም ደፈጠጣቸው። መኪናውን ዳር አስያዝኩና የእጅ ፍሬን ጎተትኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ።"

"ጠይቂኝ።"

"ያን ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ምን አደረገህ?"

"በጠሰብኝ።"

"ማን አተረፈህ?"

"እግዚአብሔር ነዋ።"

"ታዲያ አንተ ሰው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የምታምነው የከዳህን ነው ያተረፈህን?"

ካልሲውን ያያል። አስኳሉ በቁርጭምጭሚቱ ላይ ይወርዳል። "ለራሴ ፈርቼ እኮ አይደለም" አለ። "አሸዋው ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት አንቺንና ሆድሽ ውስጥ ያለችውን ነው። ያን ቀን ልታመልጡኝ ነበር። እግሬን ካነሳሁ የምታመልጡኝ ይመስለኛል።"

የተዘጋጀሁበት ስድብ ነበረኝ፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ። አንዱም አልወጣ አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ፈሪ ነው ስል የኖርኩት ሰው ለካ ሁለታችንን በአንድ እግሩ ተሸክሞ ነው የኖረው። እንባዬ መጣ። ለደንብ ልብስ በገዛሁት ጨርቅ እግሩን ጠረግኩለት። ጨርቁ የአስተማሪዎች ካፖርት ሊሆን ነበር፣ ይሁን።

"እኛን እንኳን አንተ ልትይዘን፣ አንተን ራስህን ማን እንደያዘህ አታይም?" አልኩት።

"አያለሁ" አለ። "እግሬ ነው የማያየው።"

በማግስቱ አንድ እንቁላል ብቻ ተሰበረ፤ እሱንም እኔ ማርሽ ሳንገጫግጭ ነው የሰበርኩት።

የፈተናው ቀን ያ ግንባሩን የተመታው ፈታኝ ደረሰኝ። ጠባሳው ገና አልጠፋም።

"ማን ነው ያስተማረዎት እትዬ?"

"ጋሼ ፍሬን።"

ቀበቶውን እንደገና ጎትቶ አጠበቀ፤ በአንድ እጁ የበሩን መያዣ፣ በሌላው የእጅ ፍሬኑን ያዘ። "በእጅህ ነን" ብዬ ተነሳሁ። እሱም አሜን አለ፣ ከልቡ።

ዜብራው ጋ ስደርስ አንድ ሰውዬ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ ገባ። አልዋሽም፣ ለአንዲት ቅጽበት እኔም ጠበቅኩ። መኪናው በራሱ እስኪቆም ጠበቅኩ። ኋላ ግን ከእኔው እግር በቀር ሌላ እግር እንደሌለ ትዝ አለኝና ራሴ ያዝኩት። ቀስ ብሎ ቆመ። ባለ ፍራሹ ተሻገረ። ፈታኙ ዓይኑን ገለጠ።

ስመለስ ባሌን በፈተናው ሜዳ በር ላይ ፈለግኩት፣ የለም። ቀና ስል የግንቡ አጥር ላይ ወጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሁለት እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል።

"እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?"

"መሬት ከነካሁ እረግጣለሁ ብዬ ነው" አለኝ። "ምን ሆንሽ?"

"አለፍኩ።"

ስለ ሥራው አንድ ቃል አልተናገረም። "ራስሽ ነሽ የያዝሽው?" አለ።

"ራሴ።"

ተመስገን ብሎ ሊወርድ ሲል እግሩ ደንዝዞ እምቢ አለው። እኔና ፈታኙ ግራና ቀኝ ደግፈን አወረድነው።

መኪናውም ሥራውም አልተወሰደበትም። የማስተማሪያው ሳፋ አሁንም ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አለ፤ እየረሳ ሲረግጥ ያወጣዋል። ከኔ በኋላ ልጃችንም ተምራ ፈቃድ አወጣች፤ ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድሜ መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን ነድታ ወሰደችን። ያቺ መኪና ሁለተኛ ፍሬን የላትም። ባሌ ከፊት፣ ከጎኗ፣ "ጌታ ሆይ፣ በእጅህ ነን" ብሎ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ በአድናቆት እመለከተዋለሁ፤ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ?

አደባባዩ ጋ ስንደርስ በግራ በኩል አንድ ትልቅ አውቶቡስ መጣ። የልጄ አንገት ከኋላ ሲታይ ያኔ አምስት ዓመቷ ሳለ የነበረውን ያህል ቀጭን ነው። ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይኸው፣ ተመለሰበት አልኩ በልቤ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሱ እግር እንደተጣጠፈ ነው። የወንበሩን ጀርባ ረግጦ የያዘው የኔው ቀኝ እግር ነው።

ልጄ በሰላም አውቶቡሱን አሳልፋ ዞረች። እሱ ዞር ብሎም አላየኝ።

"ልጄ፣ ስንመለስ ሱቁ ጋ አቁሚልኝ" አላት፤ "ለእናትሽ እንቁላል እንገዛለን።"