ጋሼ የሠሩልኝ የአሉሚኒየም አንገት

ሐረር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ባንዳችን አራት ሰው ነው፦ ድምጻዊው፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ድራመሩና እኔ። ከአራታችን በሠርግ ቪዲዮ ላይ የማይታየው እኔ ነኝ። ካሜራ የያዘው ሰው እኔ ጋ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ ወደ ኬኩ ይዞራል።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አቦከር ሰፈር ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራሉ። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ባለቤቴን እንደ አባት ሆነው ያሳደጉ ሰው ናቸው። እሷም እኔም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ ቤዝ ጊታር የማይለወጥ አቋም ነበራቸው፤ እሁድ ምሳ ሊበሉ ቤታችን በመጡ ቁጥር ያነሱታል።

“መምህር፣ ትናንት ሠርጉ ላይ ነበርክ አሉ።”

“ነበርኩ፣ ጋሼ።”

“እኔም ነበርኩ። ዘፋኙን ሰማሁት። ከበሮውንም ሰማሁት። አንተን ግን አየሁህ እንጂ አልሰማሁህም።”

ባለቤቴ ወጥ እየጨመረችላቸው ትስቃለች። እኔ ደግሞ ቤዝ እንደ ቤት መሠረት ነው፣ ሰው አያየውም እንጂ ቤቱን የተሸከመው እሱ ነው እያልኩ አስረዳለሁ። “መሠረቱን ያላሳየ ግንበኛ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?” ይሉኛል፤ መልሱን ግን ነግረውኝ አያውቁም።

አንድ የግንቦት ቅዳሜ ባቢሌ ሠርግ ነበረን። ባቢሌ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ እንደ ሐረር አይደለም። እኛ ምሳ ስንበላ ጊታሬን መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ትቼው ነበር። ስመለስ አንገቱ ጎብጦ፣ ክሮቹ ከጣት ማረፊያው ርቀው ጠበቁኝ። ያን ቀን እንደ ምንም ተወጣሁት። በማግስቱ ላቃናው ተቀመጥኩ። የእንጨቱ አንገት ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፤ ዘንጉ በቁልፍ ሲጠብቅ እንጨቱን ያቀናል። ትንሽ አጠበቅኩት፤ አልቀና አለ። ጉልበት ጨመርኩ። ቀጭ አለና ተበጠሰ። ይህ የሆነው ለተማሪዎቼ ስለ ብረት ጥንካሬ በማስተምርበት ሰሞን ነው።

የሚቀጥለው ሠርጋችን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሐረር ውስጥ የጊታር አንገት የሚሸጥ የለም። በእሁዱ ምሳ ላይ የሆነውን ስናገር ጋሼ ጊታሩን አምጣው አሉኝ። እጃቸውን ታጥበው ተቀበሉኝና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የመስኮት ጠርዝ እንደሚያዩት አድርገው አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

“ጠሟል” አሉ። “ጥፋቱ ግን ያንተ ብቻ አይደለም። እኔ የእንጨት መስኮት መሥራት የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም።”

እውነቱን ለመናገር ይህን ርዕስ ስጠብቅ ነበር። አንገታቸው ከአሉሚኒየም የተሠራ ቤዝ ጊታሮችን ፎቶ በስልኬ ላይ ማየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ባለቤቴ የማታውቀው ምኞት ካለኝ ይኸው ነበር። ፎቶውን አውጥቼ አሳየኋቸው። እንደ መስታወት ያበራል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አተኩረው አዩት።

“ይህማ ትልቅ የበር እጀታ ነው” አሉ። “ይኼን ልትገዛ ፈልገህ ነው?”

“ከየት አባቴ አመጣዋለሁ፣ ጋሼ?”

“ታዲያ ነገ ከሥራ ስትወጣ ሱቅ ና።”

የመጀመሪያውን አንገት የሠሩት መስኮት ከሚሠሩበት ከዚያው ውስጡ ክፍት ከሆነው አሉሚኒየም ነው። እጅግ ቀላልና ቆንጆ ነበር። የመቃኛ ቁልፎቹን ገጠምን፣ ክሮቹን አሰርን፣ ማጥበቅ ጀመርኩ። ሦስተኛው ክር ላይ ስደርስ አንገቱ ቀስ ብሎ እንደ ሙዝ ጎበጠ። ጋሼ ጉብጠቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ “መስኮት ላይ ክር አይወጠርም፤ እኔ በምን ልወቀው?” አሉ።

ድፍን አሉሚኒየም እንደሚያስፈልግ ገባን። ከተሰባበረ ማሽን የወጣ አንድ ረጅም ድፍን ቁራጭ ጋሼ ከአሮጌ ብረት ሻጮች ዘንድ ፈልገው አገኙ፤ ክብደቱ የሕፃን ያህል ነበር። ይዘነው በጋሼ መኪና ከጀጎል ግንብ ውጪ ወዳለ አንድ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለ ቶርኖው አደሬ ናቸው፤ ከጋሼ ጋር አርባ ዓመት ያህል ሲተራረቡ የኖሩ ወዳጅ።

“ምን ልቁረጥላችሁ?” አሉን።

“የጊታር አንገት” አሉ ጋሼ።

“ሱብሐነላህ። አንተ ሰውዬ በዚህ ዕድሜህ ዘፋኝ ልትሆን ነው?”

“ለእሱ ነው። ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ የራሱን ሰብሮ መጣ።”

ባለ ቶርኖው አሮጌውን የእንጨት አንገት በልኬት መሣሪያ እየለኩ፣ በካርቶን ላይ እየጻፉ ሁለት ቀን ሠሩበት። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ የጣት ማረፊያውን ስስ እንጨት ከነቀጫጭን ብረቶቹ ከአሮጌው አንገት አላቆ ማምጣት፤ አዲሱ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው የሚለቀው በሙቀት ስለሆነ የቤታችንን ካውያ ተጠቀምኩ። ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ የጊታር አንገት እየተኮስኩ ደረሰች። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

“የትምህርት ቤት ሸሚዝህ ሳይተኮስ ሦስት ቀኑ ነው” አለችና ወደ ጓዳ አለፈች።

አዲሱን አንገት ገጥመን የሞከርነው እዚያው ቶርኖ ቤት ነው። ትንሽ አምፕሊፋየሬን ወስጄ ነበር። ክሮቹን አጠበቅኳቸው፤ አንገቱ ንቅንቅ አላለም። ወፍራሙን ክር መታሁት። የእንጨቱ ጊታር ድምጽ ቶሎ ይደክማል፤ ይህኛው ግን ጥርት ብሎ ወጣና ቆየ፤ ጣቴን እስካሳርፍበት ድረስ አልሞት አለ። አንዱን ድምጽ ከሌላው መለየት ለማይችል ሰው እንኳ እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማል። አንድ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የሐረር የሠርግ ዜማ ጀመርኩ። ዘፋኝ የለም፣ ከበሮ የለም፤ ቤዝ ብቻ። ባለ ቶርኖው ማሽናቸውን አጠፉ።

“ማሻአላህ” አሉ። “ይናገራል እኮ።”

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ቆመው ነበር። ስጨርስ፣ “አሁን ሰማሁህ” አሉኝ። እኔም ላለማልቀስ ክሩን መቃኘት ጀመርኩ።

ሠርጉ ላይ ግን የአንገቱን ሌላ ጠባይ አየሁ። ድንኳኑ በሐረር አዲሱ ከተማ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር የተተከለው፤ ጠዋቱ ደግሞ ብርዳም። ጊታሩን ስይዝ ከውኃ ቧንቧ ጋር የተጨባበጥኩ መሰለኝ። እጄን ስለቅ ደግሞ አንገቱ ከብዶ ወደ መሬት ይደፋል፤ ስለዚህ ላጨበጭብ እንኳ አልቻልኩም። ከሦስት ዘፈን በኋላ እጄም ፀሐዩም አሞቁት፤ ቅኝቱ እየከረረ መጣ። ድምጻዊው እየዘፈነ ዞሮ ያየኛል። ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው፣ ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ሁለት ዘፈን ፈጀብኝ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ዘፈን ለመቀበል አፌን ወደ ማይኩ ሳስጠጋ ኤሌክትሪክ ከንፈሬን ነዘረኝ። የግቢው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ አልነበረውም፤ እኔ ደግሞ መዳፌ በሙሉ ብረት ላይ ነው። ያወጣሁት ድምጽ በስፒከሩ ግቢውን ሞላው። ሠርገኛው ሆታ መስሎት ከዳር እስከ ዳር ተቀበለኝ። ድራመሩም ፍጥነት ጨመረ።

ነገሩ የገባቸው ጋሼ ብቻ ነበሩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ተነሥተው መጡና መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉ፣ ከዚያ ወደ ሙሽራዋ አባት ሄዱ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግቢዎ ውስጥ አንድ ብረት ልትከል” አሉ።

“ለምን?” አሉ የሙሽራዋ አባት።

“ቤዝ ተጫዋቹ እንዳይሞት።”

ሰውዬው ትንሽ አሰቡና ፈቀዱ። ጋሼ ኮታቸውን ለእኔ አስይዘው፣ ከመኪናቸው ያወጡትን ረጅም ብረት ጓሮ ውስጥ በመዶሻ ቀበሩት፤ በሽቦም ከአምፕሊፋየሩ ጋር አያያዙት። መሬቱ ላይ ሁለት ጆግ ውኃ አፈሰሱበት። ከዚያ ሶኬቱን መልሰው ሰክተው፣ በኤሌክትሪክ መሞከሪያቸው ለኩና፣ “አሁን ተጫወት” አሉኝ። ከሰዓት በኋላ አንድም ጊዜ አልነዘረኝም። ቪዲዮውን በኋላ ስናይ ካሜራው ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ላይ ቆሟል፤ ለካ ቀራጩን የሳበው የአንገቱ ማብረቅረቅ ነው። ፊቴ ግን ከክፈፉ ውጪ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ አንገቱን አልቀየርኩትም። ባለቤቴ ትከሻዬን አይታ ሰፊ ማንገቻ በቆዳ አሰፋችልኝ። ከመጫወቴ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል አንገቱን ጃኬቴ ውስጥ አቅፌ አሞቀዋለሁ፤ ከሞቀ በኋላ እቃኘዋለሁ። ጓደኞቼ በዚህ የማይሉኝ የለም። ባቢሌም ቢሆን ደግመን ሄደናል፤ ቅኝቱ ተለዋወጠ እንጂ አንገቱ አልጎበጠም። እንዲህ ዓይነት ጊታር ይጠቅማል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ጥሩ ጆሮ፣ ጠንካራ ትከሻና መዶሻ የማይለየው ዘመድ ያለው ሰው ይያዘው እላለሁ።

ጋሼ አሁን ሳይጠሩም ሠርግ ይመጣሉ። ስፒከሩ አጠገብ ይቀመጡና አጠገባቸው ላለው ሰው፣ “ያ ወፍራሙ ድምጽ ይሰማዎታል?” ይላሉ። በቅርቡ ደግሞ እሁድ ምሳ ከበላን በኋላ እጃቸውን ታጥበው ጊታሩን ይጠይቁኝ ጀምረዋል። አንድ ቀላል ዜማ አሳየኋቸው፤ አራት ድምጽ ብቻ ነው። ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ሦስተኛዋን ይዘልሏታል።

“ጋሼ፣ አንዷን ረሱ” ትላቸዋለች ባለቤቴ ከጓዳ።

“አልረሳሁም” ይላሉ ቀና ሳይሉ። “እያሳረፍኳት ነው።”