እስከ ሰባት መቁጠር

ልጅ ሳለሁ፣ ቴክሳስ፣ ሮውሌት ከተማ በነበረው ቤታችን ጓሮ ሥጋ ተጠብሶ ሲያበቃ፣ አባባ ተሰማ ወንበራቸውን ወደ ፍሙ ጠጋ አድርገው ያወጉን ነበር። አባባ የእንጀራ አባቴ የጋሽ ዳዊት አባት ናቸው። እናቴ ጋሽ ዳዊትን ስታገባ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ወንድሜ ናሆም የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው።

የርስት ወሬ የተጀመረው በሰፈራችን መግቢያ ድንጋይ ላይ በተጻፈው «እስቴትስ» በሚለው ቃል ነው። አባባ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ መዝገበ ቃላት አየሁና «ርስት ማለት ነው» አልኳቸው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ለምን እንደሳቁ አልገባኝም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ፣ የበረንዳው መብራት ላይ የእሳት እራቶች እየዞሩ፣ የእንጨቱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው አስረዱን። በልጅነታቸው ድቁና ተምረው ስለነበር ቃል መፍታት ይወዱ ነበር። ርስት የመጣው ከግዕዙ «ወረሰ» ነው፣ አይገዛም፣ ይወረሳል አሉ። ንጉሥ የሚሰጠው ጉልት ነው፤ ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ይነሳል። ርስት ግን መጀመሪያ ጫካውን መንጥሮ መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ ትውልዱን መቁጠር ለቻለ ሁሉ ነው፤ ለወንዱም፣ ለሴቷም። በሰው አገር ያረጀች አንዲት ሴት ተመልሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ አያቶቿን ስማቸውን አንድ በአንድ ጠርታ ድርሻዋን እንዳስመለሰችም ነገሩን። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ብለው ጨረሱ።

ከዚያ ወዲህ ናሆም እስከ ሰባት አያት ድረስ እንዲቆጥር ያለማምዱት ጀመር። እኔ ሳህን እያነሳሁ ሰምቼ ከእሱ በፊት ያዝኩት። አንድ ቀን አራተኛው ላይ ሲደናቀፍ ከኋላው ሆኜ እስከ መጨረሻው ጠራሁለት።

ናሆም ዞር ብሎ «ኦኬ፣ ግን እነሱ ያንቺ አይደሉም» አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ክፋት አልነበረውም። ሳህኖቹን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ ያን ምሽት ተመልሼ አልወጣሁም።

በማግስቱ አባባ እናቴንና ጋሽ ዳዊትን ጓሮ አስቀምጠው ጠሩኝ። ማር ያለበት ስኒ ይዘው ነበር። አውራ ጣታቸውን ነከሩና «ጥቢ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ጠባሁ። ማሩ የትምባሆ ሽታ ነበረበት።

«በአገራችን ያልወለዱትን ልጅ የሚያደርጉት እንዲህ ነው» አሉ፣ እኔን ሳይሆን ሁለቱን እያዩ። «የጡት ልጄ ናት። ከልጆቼ እኩል ትወርሳለች። እናንተ ምስክር ናችሁ።»

እናቴ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። አጠገባችን ቆሞ ያይ የነበረው ናሆም «ታዲያ አክስቴ ሆነች?» ሲል ጋሽ ዳዊት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሆነች» አሉ አባባ። «አንተ ከአባትህ ትጀምራለህ፤ እሷ ከኔ።»

«መሬቱ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መሬቱን መንግሥት ከወሰደው ቆየ፣ ልጄ። እኔም ዳግመኛ አላየሁትም።» ጣታቸውን ጠረጉና «መቁጠሩን ግን ማንም አልወሰደብኝም» አሉ።

አባባ ያረፉት ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «የስድስት ልጆች አባት ነበሩ» ተባለ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ጋሽ ዳዊት ነበር፤ ለኔ ምንም አልነገረኝም። ከአገር ቤት የሚያውቋቸው አንዲት እናት ወደ ናሆም ጠጋ ብለው «እኔ የማውቀው አምስት ነው፤ ስድስተኛው የቱ ነው?» ሲሉት ሰማሁ። ናሆም እጄን ይዞ ሳብ አደረገኝና «እሷ ናት» አላቸው።

አባባ የመሬቱን ቦታ ስም ነግረውኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር፣ ግን እስካሁን አልጠየቅሁም። ጠዋት ጠዋት ወደ ፎርት ዎርዝ ለሥራ ስነዳ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሳላስበው የነዚያን ሰዎች ስም እየጠራሁ ራሴን አገኘዋለሁ። አንዳቸውንም በዓይኔ አላየሁም፤ ከአባባ በቀር።