የእኔ ጣሪያ አልዱባ ላይ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና በበልግ ነው። ሰው ሁሉ «እርሺው» ይለኛል። አልረሳውም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ጂንካ፣ ከሟቹ ባለቤቴ ጋር በሠራናት ቤት ነው። ጣሪያዋን ቀለም የቀባው እሱ ራሱ ነበር። አረንጓዴው መሃል ላይ አለቀበትና ቀሪውን በሰማያዊ ጨረሰው። ጎረቤት ሲስቅብን «ምን አለበት፣ ከሩቅ ትለያለች» እያለ ይኮራባት ነበር።

ካቻምና ሳሎኑ ጥግ ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። አብሮኝ ቤተክርስቲያን የሚሄድ አናጢ አለ፤ ጋሽ ማቴዎስ ልበለው። ጠራሁት። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ትንሽ ተንጎራደደና ወረደ።

«እህቴ፣ በስብሷል። ሙሉውን መለወጥ ነው» አለኝ።

«በሬንጅ ቢደፈንስ?»

«ዛሬ እዚህ ብትደፍኚ ነገ በዚያ ያፈሳል። እኔ እህቴን አልዋሽም።»

አመንኩት። ላሜን ሸጬ አዲስ ቆርቆሮ ገዛሁ።

እኛ ጋ ከጣሪያ የሚወርደውን አሮጌ ቆርቆሮ አናጢው ይወስደዋል። ልማድ ስለሆነ ማንም አይከራከርም። እኔን ግን ገዘር ከተማ የምትኖረው እናቴ አሳሰበችኝ። የሣር ክዳኗ አርጅቶ፣ ዝናብ ሲመጣ አልጋዋን ከጥግ ጥግ ትጎትታለች። ደህና ደህናውን መርጦ እንዲተውልኝ ለመንኩት።

«ይሄንን? ለፍየል በረት እንኳ አይሆንም! እናትሽን በዚህ ልትከድኛት ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ጅሏ አመስግኜ ሸኘሁት። እናቴ በልጉን ሙሉ እየራሰች ከረመች፤ ሳል ያዛት።

በልጉ ሊወጣ ሲል ለሥራ ወደ ዲመካ ስሄድ ሚኒባሳችን አልዱባ ላይ ቆመ። የገበያ ቀን ነበር። እንደወረድን ዝናቡን ለቀቀው፤ ያገኘሁት ሻይ ቤት ውስጥ ሮጬ ገባሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ንግግር አያሰማም ነበር፤ ውስጥ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ቀናሁ።

«ጣሪያሽ እንዴት ጥሩ ነው!» አልኳት ባለቤቲቱን።

«አሮጌ እኮ ነው። አንድ የጂንካ አናጢ ነው የሸጠልኝ። እስካሁን አንድ ጠብታ አላስገባም» አለችኝ ደስ ብሏት።

ሲያባራ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ዞር ስል ጣሪያው ታየኝ። ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ሰማያዊ! ባለቤቴ እውነቱን ነው፣ ከሩቅ ትለያለች። እዚያው መንገድ ላይ በንዴት አለቀስኩ። ሴትዮዋ ምን ታድርግ፣ ገዝታ ነው።

እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ ጋሽ ማቴዎስን ሰው እየሰማ ያዝኩት። «አልዱባ ሄጄ የገዛ ጣሪያዬ ሥር ተጠልዬ መጣሁ» አልኩት።

ትንሽ እንኳ አላፈረም። «ልማዱን ታውቂያለሽ እህቴ፣ አሮጌው የአናጢው ነው» አለኝ።

ማርጀቱንስ የወሰነው ማን ሆነና? የሚወስደው ሰው ራሱ «አልቋል» ብሎ ይፈርዳል? ይህንን ስናገር ሰዉ «ተይ፣ ተይ» ይለኝ ጀመር። ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት!

የእናቴን ቤት ዘንድሮ በቆርቆሮ አስከደንኩ። አዲሱ አናጢ ገና መሰላሉን ሳያቆም «ከዚህ ቤት የሚወርደው ሣር እንኳ የእኔ ነው» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ዛሬም እሁድ እሁድ «ጌታ ይባርክሽ እህቴ» እያለ እጁን ይዘረጋልኛል። ሽማግሌዎቹም ይቅር እንድለው ይመክሩኛል። እናቴ ግን አሁንም ታስላለች። ሳሉ ሲለቃት አስብበታለሁ።