የአስር አለቃው ስንብት

ቅዳሜ ጠዋት... ቀብር ላይ አንድ ሽማግሌ በአንዲት ቃል ምክንያት ጥለውን ሊሄዱ ነበር። ቃሏን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሟቹ ጋሽ ተሰማ ናቸው። የድሮው ጦር አስር አለቃ። ጦሩ ሲበተን በሞያሌ በኩል ተሻግረው ናይሮቢ ገቡ፤ እዚሁ በጥበቃ ሥራ አረጁ። ልጃቸው ሐና ያደገችው እዚህ ነው። ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ፣ ካርጎ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች።

ባለፈው ዓመት የሐና ጎረቤት የነበሩ ጡረተኛ የኬንያ ወታደር ሞተው ነበር። ጦሩ መጣ። አስከሬኑን የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ተሸከሙ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ባንዲራው ታጥፎ ለሚስታቸው ተሰጠ። ሐና ይህን ቆማ አይታለች። ስለዚህ አባቷ ያረፉ ዕለት ስትደውልልኝ ከለቅሶዋ መሃል የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

«ለአባዬስ ማነው የሚመጣው?»

ማንም እንደሌለ ነገርኳት። የሳቸው ጦር ከፈረሰ ስንት ዘመኑ... ማን ይመጣል?

«ኦኬ። አትሊስት አንድ ሰው ወታደር ነበር ይበልልኝ» አለች። «ጥበቃ ነበር ብቻ ተብሎ እንዳይቀበር።»

አማርኛ ስለምጽፍ ቀብሩ ላይ በሚሰቀለው ባነር የሚሰፍረውን ነገር ለእኔ ተዉት። «ቀብር» ከበደኝ። «ሽኝት» ኤርፖርት ኤርፖርት አለኝ። «የአስር አለቃ ተሰማ የስንብት ፕሮግራም» ብዬ ላክሁ። ደስ አለኝ። ቃል ሲሆንልኝ ደስ ይለኛል፤ ለቀብርም ቢሆን። ይህ ጠባዬ ያስፈራኛል።

መቃብሩ በር ላይ ባነሩን ስንሰቅል ሻምበል ደምሴ መጡ። የጋሽ ተሰማ አለቃ ነበሩ፤ ከዚያ ጦር እዚህ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግራጫ ሱፍ፣ ነጭ ሸራ ጫማ። ባነሩን አነበቡ። እንደገና አነበቡ።

«ማነው ያሰናበተው?»

ቀብሩን የሚመሩት ፓስተር ለስለስ ባለ ድምፅ «ጌታ ነዋ፣ አባባ» አሉ።

«እሱን አይደለም የምለው! ተሰማ አልተሰናበተም። ይሄ ይውረድ፣ አለዚያ እኔ ልመለስ።»

የሐና ዓይን ቀልቷል። «ጋሼ፣ ፕሊስ... አባዬ እኮ ሞቷል። ቱሜቼሌዋ፤ እስካሁን መጀመር ነበረብን። ቆፋሪዎቹም እየጠበቁን ነው።»

ሻምበልን እጃቸውን ይዤ ወደ አጥሩ ወሰድኳቸው።

«ስንብት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ወረቀት ነው። አገልግለሃል፣ በክብር ሂድ የሚል። ጡረታው፣ መቃብር ላይ የሚተኮሰው፣ ለሚስት ለልጅ የሚደርሰው፣ ሁሉም ከሱ ነው የሚመጣው። እኛ ተበተንን እንጂ አልተሰናበትንም።»

ወደ ባነሩ ዞር አሉ።

«እሱ ባገኘኝ ቁጥር፣ ማታቱ ፌርማታ ላይ ሳይቀር፣ ተረከዙን ገጭ አድርጎ ‹ጌታዬ፣ ስንብቴስ?› ይለኛል። እኔ ‹ትእዛዝ አልመጣም፤ ቦታህ ላይ ቁም!› እለዋለሁ። እንስቃለን። ይሄ ቀልዳችን ነበር። ሆስፒታል ስጠይቀው መናገር አቅቶታል። በከንፈሩ ብቻ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ልማዴ ቦታህ ላይ ቁም አልኩት። ተኝቶ... ቁም አልኩት።»

ባነሩ አልወረደም፤ ጊዜ አልነበረም። ሻምበልም አልሄዱም። ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆሙ።

ሳጥኑ ላይ ባንዲራ አልነበረም። የትኛው ይሁን የሚለውን ጭቅጭቅ ማንም አልደፈረውም። የሕይወት ታሪካቸውን አነበብኩ፤ ወታደር ነበሩ የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ቢሆንም ወረቀት የማነብ ሰው ነበርኩ፣ ሌላ ምንም። ፓስተሩ ጸልየው ጨረሱ። ሳጥኑ ወረደ። ቆፋሪዎቹ አካፋ አነሱ።

ያኔ ሻምበል ሰዉን እየከፈሉ መጡና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

«አስር አለቃ ተሰማ!»

የሰልፍ ሜዳ ድምፅ። ከዚያ ደረት ውስጥ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። አካፋዎቹ ቆሙ። የሚመልስ የለም። ሽማግሌው ጠርተው፣ ጠብቀው፣ አፍረው ሲመለሱ ታየኝ...

«ተሰማ!»

«አቤት!»

ሐና ናት።

እዚህ አገር ሥራ ቦታ በአባቷ ስም ነው የሚጠሯት። መጋዘን ውስጥ «ተሰማ! ተሰማ!» ሲሏት ነው የምትውለው። ሳታስበው አመለጣት። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሻምበል አልሳቁም። ወደ እሷ ዞሩ። ተረከዛቸውን ገጩ፤ ሸራ ጫማ ድምፅ አልሰጠም።

«ተጠንቀቅ!»

ሐና እጇን ከአፏ አውርዳ ቀጥ አለች።

«አስር አለቃ ተሰማ፣ አገርህን በታማኝነት አገልግለሃል። ትእዛዙ ስለዘገየ እኔ አዝዣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በክብር ተሰናብተሃል።»

እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው ሰላምታ ሰጡ።

«እሺ» አለች ሐና። ከዚያ ቀስ ብላ «ጌታዬ» ጨመረች።

«አሳርፍ!»

ተማሪ ቤት ባንዲራ ስንሰቅል ስንት ጊዜ የሰማኋት ቃል ናት። እንዲህ ሆና አላወቅኋትም። ስለ ሙታን የማይጸልዩት ፓስተር «አሜን» አሉ።

ስንወጣ ሻምበል ባነሩ ስር ቆም ብለው እንደገና አነበቡት። «አሁን ልክ ነው» አሉኝ።

ወደ መሃል ከተማ በሚመለሰው ማታቱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ጥቂት እንደሄድን «አንተ፣ ድምፅህ እንዴት ነው?» አሉ።

«ለምኑ?»

«የኔ ቀን ሲደርስ የሚጠራኝ ያስፈልጋል። የበላይ አልቀረኝም። ማዕረግ አልጠይቅህም።»

እሺ አልኩ። ምን ይባላል?

ይኸው ከዚያ ወዲህ መታጠቢያ ቤት ዘግቼ እለማመዳለሁ። «ተጠንቀቅ» ይወጣልኛል... «አሳርፍ» ላይ ግን ድምፄ እምቢ ይለኛል።