እማዬ ስትስቅ

በሶልቪክ መንደር ፎቶ መነሳት ማለት ትንፋሽ መዋጥ ማለት ነበር። የባለሱቁ የአስላክ ሚስት ኦሊኔ ከከተማ ያስመጣችውን የፎቶ ማንሻ የእንጨት ሣጥን በሦስት እግሩ ስታቆመው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ሁሉ ገና ምንም ሳትለው ይደርቃል። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ አንድ እግራቸውን አንሥተው ይቀሩ ነበር ይባላል። ትእዛዟ አጭር ነው፤ «እንዳትንቀሳቀሱ፣ እንዳታወሩ፣ በተለይ እንዳትስቁ!» ከዚያ ራሷን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ትቀብራለች።

ባሏ አስላክ ሥራው የአልጋ ልብስ ዘርግቶ ከኋላ መቆም ነበር፤ የሱቁ ጓሮ ሳሎን እንዲመስል። በዚህ የተነሣ በመንደሩ በእያንዳንዱ የቤተሰብ ፎቶ ጠርዝ ላይ አራት ወፋፍራም ጣቶች ብቅ ብለው ይታያሉ።

«ከሙሽራው ይልቅ እኔ ነኝ ከሙሽራዋ አጠገብ ያለሁት» ይል ነበር አስላክ። «ጣቶቼ በየቤቱ ተሰቅለዋል፤ ፊቴን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

ኦሊኔ ግን በቀልድ የምትፈታ ሴት አይደለችም። የቄሱ ሚስት አንድ ቀን ፎቶዋን ወደ መስኮት ጠጋ አድርጋ አይታ፣ «አዝራር ሳይቀር ይቆጠራል!» ብላታለች። ኦሊኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትኖረው ለአዝራር ነበር። በድንች ማስቀመጫው ምድር ቤት፣ ቀይ ጨርቅ በተጋረደበት ፋኖስ ፊት፣ ሣጥኑ ምስል የሚቀዳበትን መስታወት በመድኃኒት ውኃ እያጠበች ምስሉ ሲወጣ ትጠብቃለች። መስመሩ ከጠራ እሰየው። ሰውየው ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ፊቱ ከደበዘዘ ግን ምሕረት የለም፤ ሙቅ ውኃና ሶዳ ይፈስበታል፣ ምስሉ በቢላዋ ይፋቃል፣ ንጹሑ መስታወት ወደ ጓሮ ሄዶ የጎመን ችግኝ ሣጥን ክዳን ይሆናል። በአገሩ መስታወት የሚጥል አልነበረም። የሶልቪክ ጎመን በሙሉ በተነቃነቁ ሰዎች ሥር ነው የበቀለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመንደሩ ፎቶ ሳታነሣት የቀረች አንዲት ሰው እናቷ ዬርትሩድ ነበረች።

ዬርትሩድ ከመንደሩ በላይ ገደሉ ላይ በተንጠለጠለች ጎጆ ከሁለት ላሞቿ ጋር ትኖራለች። ዕድሜዋ ሰባ አንድ፤ የፊት ጥርሷ አንድ፤ ሳቋ ግን የመንደር ሙሉ። ከትከሻዋ ይጀምርና ሆዷን አንቀጥቅጦ ሲወጣ፣ ከመንደሩ ሥር ባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ያሉ ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸውን አንሥተው ያዳምጣሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኦሊኔ ለመነቻት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እምቢ አለች።

«አልስቅም ብዬ ልቀመጥ? ያኔ ማንን ነው የምታነሺው? ጎረቤቴን ይመስለኛል» ትላለች።

በመስከረም አንድ ጠዋት፣ ቁልቁለቱን በራሷ ወረደችና ሱቁ በር ላይ ቆመች። ትንፋሽ አጥሯታል።

«ነይ አንሺኝ። አንዱን እንዳንቺ ፍላጎት፣ አንዱን እንደኔ።»

«እማዬ፣ ስትስቂ ትነቃነቂያለሽ እኮ!»

«ልነቃነቅ። ዛፍ አይደለሁ።»

ሣጥኑ በአንድ ጊዜ ሁለት መስታወት ይይዛል፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። አስላክ አልጋ ልብሱን ዘረጋ። ኦሊኔ የሣጥኑን ዓይን ክዳን አንሥታ፣ «አንድ…» ከማለቷ፣ ዬርትሩድ ዞር ብላ አማቿን አየችው።

«አንተ አስላክ፣ ከአልጋህ ተባረህ ነው ልብሱን ይዘህ የቆምከው?»

«ምን ላድርግ እናቴ፣ ልጅዎ እኮ ናት ያስወጣችኝ!»

ሴትዮዋ በገዛ ቀልዷ ፈነዳች። ትከሻዋ፣ ሆዷ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ተንቀጠቀጠ። አስላክም ሲስቅ አልጋ ልብሱ እንደ ሸራ ተወዛወዘ።

«በቃ ተበላሸ!» ኦሊኔ ጮኸች። «አሁን አፍሽን ዝጊ፣ እማዬ። እጅሽን ጭንሽ ላይ። ወደኔ እዪ።»

ዬርትሩድ አፏን ዘጋች። ሦስት ተቆጠረ።

በማግስቱ ኦሊኔ ሁለቱንም መስታወት በብርሃን አየቻቸው። ሁለተኛው እንከን አልነበረውም፤ የእናቷ ሻርፕ ዘርፍ እንኳ ክር በክር ይቆጠራል። የመጀመሪያው ደግሞ በጭስ የተሣለ ይመስላል፤ ራስ ያለበት ቦታ ላይ ደመና፣ ደመናው መሐል የተከፈተ አፍ። የቄሱ ሚስት ይህን ብታይስ? ውኃ አፈላች። ሶዳ ጨመረች። ፋቀችው።

ዬርትሩድ በየእሁዱ ትጠይቃለች። «የኔዋስ? የምስቅባትስ?» ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች፤ ዓሣ አስጋሪው፣ ደወል ደዋዩ፣ ወተት አመላላሿ ሁሉም ይጠብቃሉ። ኦሊኔ ሁለት እሁድ «አልደረሰም» አለች። በሦስተኛው፣ «ከእጄ አምልጦ ተሰበረ፣ እማዬ» አለቻት።

ዬርትሩድ ጠጋ ብላ፣ «ይሁን፤ ሰው አይሰበር» አለችና ጉንጯን ነካ አደረገቻት። «የበረዶው ወራት ሲያልፍ እንደገና እስቅልሻለሁ።»

ያን ጊዜ ግን አልደረሰችበትም። በየካቲት ደረቷን ብርድ መታት፤ በስምንተኛው ቀን አረፈች። ሬሳዋን በበረዶ መንሸራተቻ ጭነው ቁልቁለቱን ሲያወርዷት፣ ኦሊኔ ከኋላ እየተከተለች የምታስበው ስለዚያ ስለፈላው ውኃ ብቻ ነበር።

ከቀብር በኋላ የኦሊኔ ታላቅ እኅት ቦርግሂል፣ ከወሽመጡ ማዶ በጀልባ የመጣችው፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ፊት ቆመች። ሰዉ ድንችና የደረቀ ዓሣውን በልቶ ሄዷል። አስላክ ሳህን ያነሣል።

«ይቺ ማናት?» አለች ቦርግሂል።

«እማዬ ናት እንጂ፣ እታለም!»

«እማዬ?» ጠጋ አለች። «የዳኛ ሚስት ነው የምትመስለው። ቅጣት ልትጥልብኝ የተቀመጠች።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ያቺ የምትስቅባት ብትኖር… አይዞሽ። እማዬ ነግራኛለች። ‹መስታወቱ ተሰብሮባት ልጄ ልቧ ተሰብሯል፤ እንዳታነሱባት› ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች።»

አስላክ ሳህኖቹን እንደያዘ ቆመ። እሱ ያውቃል፤ የተፋቀውን መስታወት በችግኝ ሣጥኑ ላይ የገጠመው በገዛ እጁ ነው። ሚስቱን አየና ወደ ወጥ ቤት ገባ።

«አልተሰበረም» አለች ኦሊኔ።

«ምኑ?»

«አልተሰበረም፣ እታለም። ደብዝዞ ነበር። አፈርኩበት። እኔው ራሴ ፍቄ አጠፋሁት።»

ቦርግሂል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትጮኻለች ብላ ኦሊኔ ጠበቀች፤ ብትጮህ ይሻላት ነበር።

«አፏ ተከፍቶ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«እስከ ጆሮዋ።»

«ጥርሷስ ይታይ ነበር?»

«ይታይ ነበር። አንዷ።»

«ዓይኗስ? ስትስቅ የግራ ዓይኗ ጭራሽ ይከደን ነበር እኮ። ያዝሽላት?»

ኦሊኔ የሻርፑን ዘርፍ ብትጠየቅ ስንት ክር እንደሆነ ትናገራለች። በዚያኛው መስታወት ላይ ግን የፈለገችው የጠራ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱን ስታጣ፣ የእናቷን ዓይን ሳታይ ፋቀችው።

«አላየሁም» አለች።