ሰላም ሊሰጡኝ የመጡ ለታ

ባሌ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛ ሰሞን፣ ቡራዩ ያለው ቤቴ በአጽናኝ ተጥለቀለቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል አልነበረም። አንዷ ቆሎዬን እየቆረጠመች "ለበጎ ነው" አለችኝ። ለማን በጎ እንደሆነ ብጠይቃት ሻይ ጨምሪልኝ አለች። ሌላው፣ ትልቅ ሰው ነኝ ባይ፣ ሳንናዘዘው የቀረ ኃጢአት ካለ እንድናስብ መከረን። ባሌ አፉ ውስጥ ቱቦ ተሰክቶ ምኑን ይናዘዛል?

የሁሉም የበላይ የቤተ ክርስቲያናችን የአጽናኝ ቡድን ሰብሳቢ ነበረች። በመጣች ቁጥር "እህቴ፣ ሰላም ይሰማሻል?" ትለኛለች። አይሰማኝም እላታለሁ። ከንፈሯን ትመጥና "እንግዲያው እምነትሽን መርምሪ፤ የሚታመን ሰው ሰላም አለው" ትላለች። እኔ በየቀኑ ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ሆስፒታል በታክሲ ተጋፍቼ የምመላለስ ሰው፣ እምነቴንም የምመረምረው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው።

ይህን ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። ከእሷ በፊት ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ለቅሶ ቤት እየገባሁ "ለበጎ ነው" ስል ኖሬያለሁ። ልጇን ለቀበረች ሴት ሳይቀር ብያለሁ። ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ደግሞ ተጽናናለች ብዬ ለስብሰባው ሪፖርት አቀረብኩ። ሞኝነቴ የገባኝ ባሌ አልጋ አጠገብ ስቀመጥ ነው።

ለእግዚአብሔር ያን ሰሞን የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "አትውሰድብኝ።" ጸሎት ይሁን ማስፈራሪያ እስካሁን አላውቅም። ማመኑንስ አምነዋለሁ፤ የማምነው ግን ባሌን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው። ሰላም የሚባለው ነገር በደጄም አላለፈም።

ያላስቀየሙኝ አንድ ሰው ቢኖሩ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ የሚላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ቤታችን የቆመበት መሬት ላይ ድሮ ገብስ ይዘሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በየጠዋቱ በጆግ ወተት ይዘው ይመጡና "አካም ቡልቴ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። "ነጋ" እላቸዋለሁ፤ በእሳቸው ቋንቋ ሰላም ነው ማለት ነው። ውሸቴን እንደሆነ ያውቃሉ። ወተቱን አስቀምጠው ይሄዳሉ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሰብሳቢዋ አንድ ሐሳብ መጣላት። ቡድኑ ከሥራ በፊት ማለዳ ቤቴ መጥቶ ይጸልይልኝ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ ሰርፕራይዝ ነበር አሉ በኋላ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው መቼ ነው? ጎሕ ሲቀድ። ዘመድና ጎረቤት ነጠላውን ተከናንቦ፣ ኮሽታ ሳያሰማ ደጅ ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ሳይነግሩት ይገባዋል። ይህን የረሱት ዕድሜያቸውን በለቅሶ ቤት የጨረሱ ሴቶች ናቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት አሥር የሚሆኑ ሰዎች ግቢዬ ውስጥ ቆመዋል። ብርድ ስለነበር ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ተከራዮቼ እንዳይነቁ ብለው ዝም ብለዋል። ከኋላቸው ኦቦ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ወተት ሳይዙ፣ እንባቸው ይወርዳል። እሳቸው ለካ ሰዎቹ በአጥራቸው ሥር ሲያልፉ አይተው መርዶ መስሏቸዋል፤ በዚህ ሰዓት ከአጠገቧ አልጠፋም ብለው ነው የተከተሏቸው። እኔ ይህን በምን አውቄ። የእሳቸውን እንባ ሳይ ባሌ እንደሞተ አመንኩ።

ሆስፒታል ያደረው ከሰበታ እየመጣ የሚያግዘኝ ወንድሙ ነበር። ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ይህ ቀን ከመጣ እግዚአብሔርን እረግመዋለሁ ብዬ ነበር የምፈራው። አልረገምኩም። አፌ ላይ የመጣው "እሺ፣ ያንተ ነው። እኔን ግን አትልቀቀኝ" የሚል ነበር። አሥራ ስምንት ቀን የጨበጥኩት እጄ ተፈታ። አለቀስኩ፣ ግን ውስጤ ጸጥ ብሎ ነው ያለቀስኩት።

ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው። አንዷ ተከራይ ወጥታ ሰዎቹን ስታይ ወየው ብላ ጮኸች፤ ሰፈሩ ተነሣ። የዕድራችን ጎረምሶች የድንኳን ብረት ተሸክመው ደረሱ። በዚህ መሃል ሰብሳቢዋ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ጎንበስ አለችና "ማን ሞተ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔን።

"ልትነግሩኝ አይደል እንዴ የመጣችሁት?" አልኳት።

"እኛ እኮ ሰላም እንዲሰጥሽ ልንጸልይልሽ ነው" አለች።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት የሚጻፍ አይደለም። ብቻ ከነነጠላቸው፣ ከነድንኳን ብረቱ፣ ሁሉንም ከግቢዬ አስወጣኋቸው። ኦቦ ብቻ ቀሩ፤ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። በሁለት ሰዓት ወንድሙ ደወለ። ባትሪ አልቆበት ነው፤ ባሌ እንደነበረው ነው።

ሆስፒታል ደርሼ እጁን ስይዝ የሰጠሁትን መልሼ ልወስድ ሞከርኩ። እግዚአብሔርን ጠዋት ያልኩህን እርሳው ልለው ነበር። እጄ ግን እንደ ድሮው አልጨበጥ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አትውሰድብኝ ሳልል አስታመምኩት። ፊቱን አጠብኩት፣ ጺሙን ላጨሁት፣ የሱሉልታ ዘመዶቹን ሐሜት በጆሮው ነገርኩት። በሃያ ሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እጁ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈ።

ቀብሩ ባለፈ ማግስት ኦቦ ወተታቸውን ይዘው መጡ። "አካም ቡልቴ?" አሉኝ። "ነጋ" አልኳቸው። ፊቴ በልቅሶ አብጧል፣ እህል ከበላሁ ሁለት ቀኔ ነው፤ ግን አልዋሸኋቸውም። ትንሽ አዩኝና ወተቱን አስቀመጡ።

ሰብሳቢዋም መጣች፤ ጠዋት መምጣት ፈርታ በቀትር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ አሁንስ ሰላም ይሰማሻል?" አለችኝ።

"አይሰማኝም" አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች። ምን ላድርግ፤ እውነቱን ብነግራት ያን ጠዋት ያደረገችኝን ሁሉ ለበጎ ነው ልትለኝ ነው።